«ድሮ አለቅስ ነበር፤ አሁን ማስታወሻ እይዛለሁ»

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሥነ ጽሑፍና ቴአትር እማራለሁ። በዚህ መንፈቅ ዓመት አንድ ተውኔት፣ አንድ ፊልምና አንድ ሥዕል መርጠን እንድንተነትን ታዘናል። እኔ ከተውኔቱ ጀመርኩ። የሼክስፒርን ኦቴሎ በጸጋዬ ገብረመድኅን ትርጉም አንብቤ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። መምህራችን ሲመልሱልኝ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታሪኩን ነገርሽኝ፤ ትንተናው የታለ?» ብለውበታል። ሌሊቱን ሙሉ ደክሜበት ስለነበር በጣም ከፋኝ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ድሮ ቴአትር ሳይ አለቅስ ነበር። አሁን መጋረጃው ሲከፈት ደብተሬን አወጣለሁ፤ ጭብጥ፣ መቼት፣ ግጭት እያልኩ እሞላለሁ፤ ሲያልቅ ምንም ሳይሰማኝ ወጥቼ እሄዳለሁ። ትምህርቱ የምወደውን ነገር እየነጠቀኝ ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ፊልም ማየት ምኑ ነው ትምህርት? ቤት ቁጭ ብለሽ አታይውም?» ይለኛል፤ መልስ አጣሁለት። ምን ይመክሩኛል?

ት. ነኝ፣ ከባሕር ዳር


ልጄ ት.፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከፋኝ ያልሽው ገብቶኛል። አሥራ አንድ ገጽ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ያውም ሌሊት ተቀምጦ። የመምህርሽን ቀይ ጽሑፍ ግን እንደ ስድብ አትውሰጂው። ሳያነብ ነጥብ ሰጥቶ የሚመልስ መምህር ስንቱ ነው! የእርስዎ ተማሪ ነኝ ብለሽ የምትኮሪባቸው ይመስሉኛል፤ አንድ ቀን ሄደሽ አነጋግሪያቸው።

ታሪኩን ብቻ መተረክሽና ማልቀስ መተውሽ ሁለት የተለያየ ችግር መስሎሻል። ለእኔ አንድ ነው። ትንተና ማለት ስሜትን በር ላይ ትቶ መግባት ነው ብሎ የነገረሽ ሰው አለ፤ ወይም ማንም ሳይነግርሽ ራስሽ እንዲያ ገምተሻል። ስሜቱን ስታሰናብቺው በእጅሽ የቀረው ታሪኩ ብቻ ሆነ፤ እሱኑ ጻፍሽ። ሌላ ምን ልትጽፊ ትችያለሽ? የሚተነተነው ነገር እኮ ከስሜቱ ጋር አብሮ ወጥቷል።

ትንተና የሚጀምረው ካለቀስሽበት ቦታ ነው። ወይም ከሳቅሽበት፣ ከደነገጥሽበት፣ ከሰለቸሽበት። «እዚህ ጋ ዕንባዬ መጣ» ካልሽ በኋላ የሚከተለው ሥራ «ያመጣው ምንድን ነው?» ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ቃሉ ነው? ከቃሉ በፊት የነበረው ዝምታ ነው? ተዋናይዋ ፊቷን ስታዞር ነው? መብራቱ ነው? ሃያሲ የሚባለው ሰውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከሌላው ተመልካች የሚለየው ከወንበሩ ከተነሣ በኋላም ይህን ጥያቄ ሳይለቅ በመቆየቱ ነው።

አሁን ኦቴሎሽን አውጪ። ጽሑፍሽን አላየሁትም፤ ነገር ግን በአንዱ ገጽ ላይ «ኢያጎ ኦቴሎን አታለለው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንደሚኖር እገምታለሁ። ይህን ተውኔቱን ያላነበበ ሰውም ያውቀዋል። እንዴት አታለለው? ሦስተኛውን ገቢር፣ ሦስተኛውን ትዕይንት ግለጪና እርሳስ ይዘሽ ተቀመጪ። የኦቴሎ ምክትል ካሲዮ ከኦቴሎ ሚስት ከደስዴሞና ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ኦቴሎ ሲመጣ ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ኢያጎ ይህን አይቶ፣ ይኼስ ደስ አላለኝም የሚል አንድ አጭር ነገር ጣል ያደርጋል። ኦቴሎ ምን አልክ ሲለው፣ ምንም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ሚስትህን ስታጫት ካሲዮ ፍቅራችሁን ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ ሲባል፣ አዎ የተባለበትን ነገር መልሶ ጥያቄ ያደርገዋል። ኦቴሎ ሰውዬው ታማኝ አይደለም ወይ ሲለው፣ ታማኝ? ይላል። ምን ታስባለህ ሲለው፣ ማሰብ? ይላል። በመጨረሻ ኦቴሎ፣ ይኼ ሰው የራሴን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስልኛል፣ በሆዱ የያዘው አንድ አስፈሪ ነገር ቢኖር ነው ብሎ ያማርራል።

ቁጠሪ እስቲ። እስከዚህ ድረስ ኢያጎ ስንት ክስ አቀረበ? አንድም። ካሲዮን በግልጽ አልወነጀለም፤ ደስዴሞናን አልነካም። ያደረገው ባዶ ቦታ መተው ነው፤ ባዶውን በራሱ ፍርሃት የሚሞላው ኦቴሎ ነው። ስለዚህ ቅናቱ የተጻፈው በጥያቄ ምልክት ነው ማለት ትችያለሽ። ከዚያም ወደ ትልቁ ጥያቄ ትሻገሪያለሽ፦ ክሱን ራሱ የጻፈ ሰው ተታለለ ይባላል ወይ? ይኼ ትንተና ነው፤ ከአሥር መስመር ንግግር የወጣ። ተውኔቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ አላስፈለገሽም።

በዚያው ትዕይንት ውስጥ ሌላም አለ። ኦቴሎ ራሴን አሞኛል ይላል። ደስዴሞና በመሐረቧ ግንባሩን ልታስርለት ትሞክራለች። ትንሽ ናት፣ ተያት ብሎ ይገፋታል፤ መሐረቡ መሬት ይወድቃል፤ ሁለቱም ሳያነሡት ይወጣሉ። የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ታነሣዋለች። በኋላ በደስዴሞና ላይ የጥፋት ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ይኸው መሐረብ ነው። ከእጇ የወደቀው መቼ ነበር? ባሏን ልታስታምም ስትል! የገፋውስ ማን ነበር? ደራሲው ይህን በአጋጣሚ አላደረገውም። መሐረቡ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ምክንያት ቢጠፋ ኖሮ ታሪኩ ያው ይሆን ነበር፤ ሕመሙ ግን ያው አይሆንም። በታሪክና በተውኔት መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ምሳሌ አሳየኝ የሚለኝ ካለ እኔ ይህቺን መሐረብ ነው የማሳየው።

ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የተተወ ሥራም አለ፤ ጊዜ ካለሽ ሞክሪው። በእንግሊዝኛው ኦቴሎ ውስጥ ታማኝ፣ ሐቀኛ የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል ከነእርባታው ከ50 ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ደግሞ ስለ ኢያጎ ነው። ያው ቃል በዚያ ዘመን ለሴት ሲነገር ንጽሕናን ያመለክታል። በአማርኛ ታማኝ አለ፣ ሐቀኛ አለ፣ ጨዋ አለ። ጸጋዬ በየቦታው የቱን መረጠ? ሁልጊዜ አንዱን ነው ወይስ እየለዋወጠ? ሲለዋውጥስ ምን አተረፈ፣ ምን አጣ? ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግተሽ እየቆጠርሽ ብትጽፊ፣ ማንም ከቴሌግራም አውርዶ የማያመጣው ጽሑፍ ይሆናል።

ስለ ቴሌግራም ካነሣሁ አይቀር። የተውኔትና የልብ ወለድ ማጠቃለያ የሚለጥፉ ቻናሎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አሁን ደግሞ ስትጠይቂው የሚጽፍልሽ ፕሮግራም ስልክሽ ላይ አለ። ታሪኩን ለማስታወስ ከጠቀመሽ ተጠቀሚ። ነገር ግን አንቺ በዚያ ምሽት በተቀመጥሽበት ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ልብሽ የት ላይ እንደደነገጠ ሊያውቅ አይችልም። ጽሑፍሽ ከዚያ ካልጀመረ የአንቺ የሚሆንበት መንገድ አይታየኝም።

ከታሪክ መተረክ የሚብስብኝ ሌላ በሽታ አለና እንዳትይዥው አስቀድሜ ልንገርሽ። ተማሪ «የጻፍከው ማጠቃለያ ነው» ሲባል ዘሎ ምልክት ፍለጋ ይገባል። ቀይ ሻርፕ ካየ ደም ነው፤ የተዘጋ በር ካየ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ እንባ ነው። ወርቁን ለማግኘት ሲቸኩል ሰሙን አያየውም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት አላቸው። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ይህን የሚሉት ሊቃውንት ግን ራሳቸው ንባብ ቤት ገብተው፣ ፊደሉን ከነአጣጣሉ፣ የሚነሣውን ከሚወድቀው ለይተው፣ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፈው ነው መጻሕፍት ቤት የደረሱት። እዚያም ቢሆን መምህሩ መጀመሪያ ንባቡን ያሰማሉ፤ ቀጥለው ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣሉ፤ «አንድም» የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድም፣ አንድም እያሉ ሦስትና አራት ትርጓሜ ይደረድራሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ንባቡን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ለአንድ ሥራ ስንት ትርጓሜ ይፈቀዳል ብለሽ የምትጨነቂ ከሆነ መልሱ እዚህ አለ። ንባቡ እስከቻለው ድረስ ነው።

ስለዚህ ቀይ ሻርፕ ስታይ ወደ ደም አትሩጪ። ስንት ጊዜ ታየ? በማን ትከሻ ላይ? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ባይኖር ምን ይጎድል ነበር? እነዚህን መልሰሽ ከጨረስሽ በኋላ «አንድም» በይ። ያን ጊዜ መምህርሽም ይሰሙሻል።

ወደ መድረኩ ልመለስ። ጸጋዬን አንብበሽ የጻፍሽው ስለ ጽሑፉ ነው። ቴአትር ቤት ገብተሽ ስታዪ ግን የምትተነትኚው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ተማሪ ሁለቱን ያምታታል። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቴአትር ሁለት እሑድ ተከታትዬ አየሁ። አንዲት እናት ልጇ መሞቱን የምትሰማበት ቦታ ነበረው። መልእክተኛው ሲገባ ነጠላዋን እያጠፈች ነው። በመጀመሪያው እሑድ ነገሩን ሰምታ ዝም አለች፤ የጀመረችውን ነጠላ አጥፋ ጨረሰች፤ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ፣ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ አስቀመጠች፤ ከዚያ ዞረች። አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም ነበር። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በሁለተኛው እሑድ ያችው ተዋናይ፣ ምናልባት ደክሟት ይሆናል፣ ወዲያው ዞራ ጮኸች። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ።

ቃሉ አልተለወጠም። ተዋናይዋ፣ ልብሱ፣ መብራቱ ሁሉ ያው ነው። የጎደለው አንድ ነጠላ ታጥፎ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተመልካቹ የእናትየውን ሐዘን በራሱ ልብ ይጽፍ ነበር፤ ስትጮህ ጽፋ ሰጠችው። ይህን ያወቅሁት ሁለት ጊዜ በማየቴ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ቢሆን «ልብ የሚነካ ትወና» ብዬ አልፈው ነበር። «ልብ የሚነካ»፣ «ማራኪ»፣ «ድንቅ» የሚሉ ቃላት ከጽሑፍሽ ውስጥ ሲያጋጥሙሽ ከሥራቸው አስምሪባቸው። እያንዳንዳቸው ገና ያልተሠራ ሥራ ያለበትን ቦታ ይጠቁሙሻል።

ሁለት ጊዜ ለመግባት የተማሪ ኪስ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። እንግዲያው እንዲህ አድርጊ። ደብተርሽን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። ቁጭ ብለሽ እዪ፤ ማልቀስ ከመጣ አልቅሺ። ወጥተሽ ታክሲ ስትጠብቂ፣ ከማንም ጋር ከማውራትሽ በፊት፣ ያየሽውንና የሰማሽውን አምስት ነገር ጻፊ። ሐሳብ እንዳይሆን ተጠንቀቂ፤ ዕቃ፣ ድምፅ፣ እንቅስቃሴ፣ የቆሙበት ቦታ ይሁን። «ሙስና» ብለሽ አትጻፊ፤ «ሚኒስትሩ ሲያወራ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ» ብለሽ ጻፊ። በልብሽ የቀሩት አምስቱ ናቸው የሠሩብሽ። ጭብጥና መቼት የሚሉትን ሣጥኖች ማታ ቤትሽ ሆነሽ ትሞያቸዋለሽ፤ ጠቃሚ ናቸው፣ ግን የአዳራሽ ሥራ አይደሉም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምርልሽ፤ በታሪክ ላይ ለተመሠረቱ ተውኔቶች ነው። ጸጋዬ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» የሚል ተውኔት አለው። አቡነ ጴጥሮስን ፋሺስት ኢጣልያ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደረሸናቸው ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ መጨረሻውን አውቆ የገባን ሰው ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? ምን ይሆን የሚለው ጉጉት ሊሆን አይችልም። ርእሱን ተመልከቺው፤ ሕይወታቸውን አላለም፣ ሞታቸውን አላለም፣ ያችን ሰዓት ነው ያለው። ደራሲው የአንድን ሰው ሙሉ ዕድሜ አጥብቦ አጥብቦ አንዲት ሰዓት ውስጥ እንዳስገባው ገና ከሽፋኑ ይነግርሻል። ርእስ ላይ ሩብ ሰዓት መቆየት የሚያስቆጭ አይደለም።

ወደ ፊልም ስትሄጂ ዓይንሽን የሚመራው ሌላ ነው። በመድረክ ላይ ወደ ፈለግሽበት ማየት ትችያለሽ፤ አዘጋጁ በመብራትና በእንቅስቃሴ ይለማመጥሻል እንጂ አንገትሽን አያዞረውም። በፊልም ግን ካሜራው መርጦልሽ ጨርሷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ፣ ለምን ከዚህ ቦታ ሆኜ አየሁ፣ ለምንስ ይህን ያህል ጊዜ የሚል ነው።

ፊልም ገና ካልመረጥሽ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እመክርሻለሁ። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ ያኔ ሎስ አንጀለስ ተማሪ ነበር። አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተመልካች ቀረበ። ባለ መሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጢሰኞቹ ሲሠሩ ይመለከታል፣ ይጮኽባቸዋል። እነሱ ያርሳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ይሄዳሉ፤ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ሆኖ ሳይቸኩል ያያቸዋል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትሰለቺያለሽ። ሲሰለችሽ አታጥፊው፤ ሰዓትሽን እዪና የት ላይ እንደሰለቸሽ ጻፊ። መሰልቸትም እንደ ዕንባ ያለ ስሜት ነው፤ ያመጣው ነገር አለ። ርእሱ ውስጥ ሦስት ሺህ ዓመት ያለ ሰው ጊዜን እንዴት አድርጎ ሊያሳይሽ ይችላል? ገበሬው እርሻውን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ካሜራውን ካላቋረጠ፣ ያ ርዝመት ምን እየሠራብሽ ነው? ደግሞ ማን ይቀመጣል፣ ማን ይቆማል፣ ማን ይሄዳል የሚለውን ብቻ ተከትለሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታዪው አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለማንኛውም ፊልም የሚሆን አንድ ልምምድ አለ። የነካሽን ትዕይንት መርጠሽ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው። ቀጥሎ ጀርባሽን ሰጥተሽ ድምፁን ብቻ ስሚው። ስታለቅሺበት የነበረው ትዕይንት ያለ ሙዚቃው ዕንባ ካላመጣ፣ ያስለቀሰሽ ተዋናዩ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ማወቅ ዕንባሽን አያረክሰውም። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒውን ታገኛለሽ፤ ሙዚቃው ሲነሣለት ትዕይንቱ ይበልጥ ይከብዳል። ያን ጊዜ ሙዚቃው ለምን አስፈለገ ብለሽ ብትጠይቂ የሚከፋ አዘጋጅ የለም፤ ቢከፋም ጥያቄሽ ትክክል ነው።

የወንድምሽ ነገር። በቁጣ አትመልሺለት፤ የጠየቀው ብዙ ወላጅና ብዙ ጎረቤት የሚጠይቀውን ነው። ይህን ንገሪው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ የፊልም ሰው አንድ ሙከራ አደረገ። ሞዡኪን የሚባል ታዋቂ ተዋናይ ፊት የታየበትን አንድ ቁራጭ ፊልም ወሰደ፤ ፊቱ ይህ ነው የሚባል ስሜት አይታይበትም። ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። ተመልካቾቹ ርኃቡን እንዴት አድርጎ ተጫወተው፣ ሐዘኑን እንዴት አድርጎ ተጫወተው ብለው እንዳደነቁ ይተረካል። ሰውየው ግን ምንም አልተጫወተም፤ ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው። ስሜቱን የፈጠረው ከጎኑ የተቀጠለው ምስል ነው።

ከዚያ ወንድምሽን ስልኩን እንዲያወጣ ጠይቂው። ትናንት ያየውን፣ ያስቆጣውን ወይም ያስለቀሰውን ቪዲዮ ያሳይሽ። አብራችሁ ቁጠሩ፤ ስንት ቦታ ላይ ተቆርጦ ተቀጥሏል? ፊቱ የታየው ሰው በእውነት ያንን ነገር እያየ ነበር? የክራሩ ሙዚቃ ከየት መጣ? ድምፁን አጥፉና ድገሙት። በአገራችን በእነዚህ ዓመታት በተቀጠለ ቪዲዮ ስንት ሰው ከስንት ጎረቤቱ ጋር እንደተቀያየመ እሱም ያውቀዋል። አንቺ የምትማሪው ይህ ስፌት እንዴት እንደተሰፋ ማየትን ነው። እኔ በበኩሌ በየቀበሌው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ቢኖር እመኛለሁ፤ አንዷ አንቺ ብትሆኚ ደስታውን አልችለውም።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። ከአሥራ አንድ ገጽ አራት ገጽ ይሻላል፤ ከሙሉ ተውኔት አንድ ትዕይንት። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ሦስት ዐረፍተ ነገር ስጪውና እለፊ። «ደራሲው ሊያስተላልፍ የፈለገው መልእክት» የሚለውን ሐረግ ለአንድ ዓመት ያህል እርሺው፤ መልእክቱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ሰውየው በአንድ መስመር ጽፎ ይልከው ነበር። የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ገጽ ሙሉ አትገልብጪ። የምትተነትኚውን ትዕይንት የሚያበራ ነገር ካለው እሱን ብቻ አምጪ። ስትጨርሺ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ሐሳብሽም የተደናቀፈበት ነው።

የቀረሽ ሥዕሉ ነው። ለእሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ባሕር ዳር ተቀምጠሽ የሥዕል ያለህ አትበይ። በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ውስጥ አንድ ሥርዓት አለ። ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው ታይቶ ይሣላሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳና የቅዱሳን አሳዳጆች ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ታይቶ። ማንበብ የማይችል ምእመንም ግድግዳውን አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሠዓሊው ስለ ሰው የሚያምነውን የጻፈው በዓይን ቁጥር ነው።

ጀልባ ተሳፍረሽ ዘጌ ሂጂ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ። ሴትም ይገባል፤ እምነትሽ የትኛውም ቢሆን ጎብኚ ይቀበላሉ፤ ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢያለሽ። የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ታያለሽ። እዚያ የበላዔ ሰብን ታሪክ ፈልጊ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ በሚዛኑ ላይ የዳነው። ታሪኩን ታውቂው ይሆናል፤ የማያውቀው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንቺ ግን ዓይኑን እዪልኝ። ሲበላ በጎን ነው ወይስ ፊት ለፊት? ውኃውን ሲሰጥስ? ነፍሱ ስትመዘንስ? ክፉ የነበረ ሰው ሲድን ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም፣ ከሰጠውስ የትኛው ቅጽበት ላይ? ከዚያ የሥርዓቱን አፍራሾች ፈልጊ፤ ደግ ሆኖ በጎን የተሣለ፣ ክፉ ሆኖ ፊት ለፊት የተሣለ ካለ ሠዓሊው ቦታ ጠቦት ነው ወይስ ሌላ ሐሳብ ነበረው?

ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ትተሽ ግማሽ ሰዓት ቁሚ፤ ፎቶውን በኋላ ታነሺያለሽ። ጠዋት ማልደሽ ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ጀልባዋም ትናወጣለች። ያገኘሽውን ለመምህርሽ ከመስጠትሽ በፊት ለእኔ አንድ ቅጂ ላኪልኝ፤ የቆምሽው በየትኛው የመቅደሱ ግድግዳ ፊት እንደነበረ መጻፍ አትርሺ።